የትርንጎ ደጅ ከፋች

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መንገዱን ባሳያችሁ እንኳ የሚያስገባችሁ አይገኝም። ብቻ ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሡም ሰገነት ነበራቸው። በሰገነቱና በወንዙ መካከል ዋንዛ ግርጌ የሚባል ሰፈር ነበር። ትርንጎ የምትባል ሴት እዚያ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ባሏን ቀብራ አርጅታለች።

አንድ ቀን ንጉሡ ከሰገነታቸው ሆነው ቁልቁል ቢያዩ ዓይናቸው የሚያርፍበት አጣ። ጣራ ላይ ቢጥሉት ጭስ አለ። ጭሱን ቢያልፉት ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። ሴትዮዋን ቢያልፏት ደግሞ ሽቅብ እያያቸው ማሙሽ የሚባል ውርጋጥ ይስቃል። መኳንንቱ ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። ወዲያው የዓይን ማረፊያ ቢሮ ተቋቋመና ከቅጥሩ እስከ ወንዙ ያለው ሁሉ ሣር እንዲሆን ተወሰነ። ሰፈርተኛው ወንዙን ተሻግሮ ካለው ኮረብታ ላይ አዲስ ቤት ይሰጠዋል ተባለ።

የዚያ አገር ሕግ ግን ርኅሩኅ ነው፤ ማንም ሰው ባለቤት ወዳለው ምድር እንዲዛወር አይፈቅድም። ስለዚህ የባዶ ሹም የሚባል ሹመት ነበር፤ ሥራው አንድ ምድር ባዶ መሆኑን መመስከር ነው። በዚያን ጊዜ ሹመቱ የአዛዥ ደምሰው ነበር። አዛዥ ደምሰው ወደ ኮረብታው ሄዱና ከግርጌው ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሦስት ጊዜ "ማን አለ?" ብለው ጮኹ። በሰው ቋንቋ የመለሰላቸው አልነበረም። መዝገባቸውን አውጥተው "ባዶ" ብለው ጻፉ፤ ኮረብታውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጹሕ ባዶ ተባለ።

እዚህ ላይ ስለ ዋንዛ ግርጌ ልማድ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እዚያ ሰፈር አዲስ ቤት የገባ ሰው አንድ ሙሉ ዱባ ሳይቆርጥ ይቀቅልና ደጃፉ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያም በርጩማ ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ዱባው እስኪቀመስም አይነሣም። ሳይጠራ በመጀመሪያ የመጣው ዱባውን ቆርሶ ይቀምሳል፤ ያ ሰው ደጅ ከፋች ይባላል። ደጅ ከፋች ከዚያ በኋላ ከዚያ በር አይመለስም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይዳኛል፣ ቤቱ የማን ነው የሚል ቢመጣ ይመሰክራል፣ ባለቤቱ ሲሞት የቃሬዛውን ፊት ይይዛል። ደጅ ከፋቹን የካደ ሰው ደግሞ፣ አያድርገው ነው፤ ውሻው እንኳ የሚያፍርበት ይመስለዋል።

የትርንጎ ደጅ ከፋች ብርቅነሽ ነበረች። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት፣ ትርንጎ ሙሽራ ሆና ዱባዋን አስቀምጣ ስትጠብቅ፣ ብርቅነሽ ከወንዝ ልብስ አጥባ እጇ እንደራሰ መጣችና ዱባውን አጣማ ቆርሳ ትልቁን ለራሷ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ እሳት ተጫጭረው፣ ልጅ ተያይዘው፣ በአጥር ላይ እየተጠራሩ ኖሩ። ትርንጎና ባሏ ሲጣሉ ብርቅነሽ ሁልጊዜ ለባልየው ትፈርድ ነበር። "አዳላች እንዳልባል ነው" ትላለች፤ ከዚያ ባልየው ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ያሙታል። ትርንጎ ይህን ባሰበች ቁጥር ሆዷ ይባባል። የወንዙ ሽታ ከዝናብ በኋላ፣ የዋንዛው ፍሬ ጣራ ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ማታ ማታ ስሟን የሚጠራ ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣባታል።

ወደ ንጹሕ ባዶ የገቡት ሁሉም በአንድ ቀን ነው፤ ሦስት ሺህ ቤት። ቤቶቹ ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰው ሠርቶ ሲመለስ የራሱን በር ለማወቅ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥር ነበር። የሚደርሰውም በዕጣ ነው። ዕጣው ብርቅነሽን ከኮረብታው ጀርባ ጣላት። ትርንጎን ደግሞ ከፊት ለፊት፣ አያልነህ የሚባል ግንበኛ አጠገብ አደረሳት። ከበሯ ሆና ቁልቁል ብታይ የድሮ ሰፈሯ ሣር ሆኖ ይታያታል።

ትርንጎ በገባችበት ቀን ዱባዋን ቀቀለችና ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። አያልነህም የራሱን ዱባ ቀቅሎ በሩ ላይ ተቀመጠ። ከእሱ ማዶ ያለችውም፣ ከእሷ ማዶ ያለውም እንዲሁ። ደጁ ያልተከፈተለት ሰው የሌላውን ደጅ አይከፍትም፤ ያልተከፈተ ዕድሉን ይዞበት ይገባል ይባላል። በዋንዛ ግርጌ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ የተቀረው ሰፈር ደጁ የተከፈተ ስለሆነ እየተሯሯጠ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ሦስት ሺህ ሰው በሦስት ሺህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሦስት ሺህ ዱባ እየጠበቀ ይተያያል። ማንም አልተነሣም። አንዱ አንዱን በዓይኑ "ምነው አትመጣም?" ይለዋል፤ ያኛውም በዓይኑ ያንኑ ይመልስለታል።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከቁጥቋጦው ውስጥ ከርከሮ ወጣ።

ትርንጎ ከርከሮ ሰምታ እንጂ አይታ አታውቅም። ጋማው ጀርባው ላይ ተበታትኗል፣ ጥርሶቹ ከአፉ ወጥተው ሽቅብ ተቆልምመዋል፣ ፊቱ ላይ ያለው እብጠት ደግሞ ምን ይባላል፤ ፈጣሪ ሲቸኩል የሠራው ይመስላል። ጭራውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ መጣና ከደጃፏ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ትርንጎ በርጩማዋን አንሥታ ልትወረውርበት አሰበች፤ ነገር ግን ከተቀመጡበት መነሣት ክልክል መሆኑ ትዝ አላት።

ከዚያ ከርከሮው አንድ ነገር አደረገ። ዞር አለና ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ በቂጡ ወደ እሷ መጣ።

በዚያ አገር ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከንጉሥ ፊት የሚወጣ። ትርንጎ በዕድሜዋ ወደ ኋላ የተራመደላት አልነበረም። ከርከሮው እንዲህ በክብር እየተራመደ መጥቶ የደጃፉ ድንጋይ ሲነካው ቆመ። ዞር ሲል ዱባውን አየ። ሁለት የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበረከከና በጥርሱ ሰንጥቆት ይበላ ጀመር።

"ወይ ጉድ!" አለች ትርንጎ። "እኔን ያለ! ተንበርክኮ እኮ ነው የሚበላው!"

ኮረብታው ላይ ከመጣች ወዲህ የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አታውቀውም፣ ወይም ታውቀዋለች። ከዱባው ትንሽ ቆርሳ ቀመሰችና ሦስት ቀን ከተቀመጠችበት በርጩማ ተነሣች። ደጇ ተከፍቷል። አያልነህ ከበሩ ሆኖ አፉን ከፍቶ ያያታል።

"እትዬ፣ ከርከሮ እኮ ነው!" አላት።

"አየሁት፣ ዓይን አለኝ። አንተ መጣህልኝ ታዲያ?" አለችው። አያልነህ ፊቱ ቅጭም አለ። እሱም ሆነ ሌላው በከርከሮ የተከፈተ ደጅ አልቆጠረውምና ዱባውን ያስቀመሳት አልነበረም።

ከርከሮው ከዚያ በኋላ ሲመሽ ሲመሽ መምጣቱን አልተወም። እንዳለፈው ወደ ኋላው እየተራመደ የደጃፉን ድንጋይ በቂጡ እስኪነካ ይመጣል፤ ቆም ይላል፤ ድንጋዩን በአፍንጫው ገፋ ገፋ ያደርጋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሄዳል። ትርንጎ ሰላምታ መስሏት "እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች። አንዳንዴ የግልገሎቹ እናት አራቱን ይዛ ርቃ ቆማ ታየዋለች። ትርንጎ የድሮ ሰፈሯን ወሬ ለዚህ ከርከሮ ስታወራ ብታመሽ አይደንቃችሁ። ስለ ብርቅነሽ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ዋንዛው ሁሉ ነግራዋለች።

አዛዥ ደምሰው የኮረብታው ሰው በየበሩ ተቀምጦ ሥራ እንደፈታ በሰሙ ጊዜ ብዙ አልተቸገሩም። ጓንጉል የሚባል ወታደር ጠሩና "የመንግሥት ደጅ ከፋች" ብለው ሾሙት። ጓንጉል ጎራዴውን መዞ በየቤቱ ይሄዳል፤ ዱባውን ለሁለት ይሰነጥቃል፤ ሳይቀምስ "ተከፍቷል!" ብሎ ይጮኽና ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሁለት ቀን የኮረብታው ሰው ሁሉ ደጅ ከፋች አንድ ጓንጉል ሆነ። ትርንጎ ዘንድ ሲደርስ ግን ዱባ የለም።

"ማን ከፈተው?" አላት።

"ከርከሮ።"

"እዚህ ከርከሮ የለም።"

ይህን ሲል እናትየዋ አራቱን ግልገሎች አስከትላ፣ አምስቱም ጭራቸውን አቁመው ከፊቱ አለፉ። ጓንጉል እያያቸው፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው ካየሁ" አለ። "ነፋስ ነው።"

ይህ የጓንጉል ፈጠራ አይደለም፤ ደንቡ ነው። ምድሩ ባዶ ተብሎ ስለተጻፈ በላዩ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ነፋስ ተብሎ እንዲመዘገብ ታዝዟል። ጦጣ ዳቦ ከመስኮት ብትወስድ ነፋስ ወሰደው ይባላል። ጃርት ድንቹን ቆፍሮ ቢጨርስ፣ ነፋስ። ሽኮኮ ጣራ ላይ ተሰብስቦ ሲንጫጫ ሰው አንገቱን ደፍቶ "ዛሬስ ነፋሱ በርትቷል" ይላል። እንደዚያ ዓመት የነፈሰ ነፋስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ጓንጉል የትርንጎን በር ሳይከፍት መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ሄደ። በአርባኛው ቀን እያንዳንዱ ሰው በባዶ ሹሙ ፊት ቀርቦ የደጅ ከፋቹን ስም ይምላል። ደጅ ከፋች የሌለው ቤት ባዶ ይባላል፤ የሚኖርበትም ሰው ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። ስሙ የተፋቀ ከምንጩ ተራ የለውም፣ በጠዋቱ ቆጠራ አይጠራም፣ ቢሞትም የኮረብታው መቃብር አይቀበለውም። ትርንጎ ይህን ታውቃለች። "ጓንጉል ነው" ብትል ያልቃል። ብትል ግን ዱባዋን ተንበርክኮ የበላውን ልትክድ ነው፤ በአርባ አንድ ዓመት ያልካደችውን ሥርዓት በስተርጅና ልትክድ ነው። እንቅልፍ ነሣት። ፈራች፤ ፈሪ መሆኗም አናደዳት።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግንበኛው አያልነህ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ መጣ።

"እትዬ ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው። ከነገርኩሽ በኋላ ግን አትርገሚኝ።"

"እስኪ ተናገር፤ እርግማኑን በኋላ እናየዋለን።"

"ይህን ቤት የሠራነው እኛ ነን። ከደጃፍሽ ድንጋይ ሥር ጉድጓድ ነበር። የእነሱ ጉድጓድ ነው። ከርከሮ ወደ ቤቱ ሲገባ በቂጡ ነው የሚገባው፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ እንዲያድር። ለአንቺ እጅ እየነሣ አይደለም እትዬ። እቤቱ ሊገባ እየሞከረ ነው።"

ትርንጎ ጎንበስ ብላ የደጃፏን ድንጋይ አየችው።

"ድንጋይ ሙሉበት ተባልን፤ ሞላሁበት። አለቃችን 'ነፋስ' ብሎ ጻፈ። እናትየዋ ግልገሎቿን ይዛ ሮጣ ወጣችና እዚያ ማዶ ቆመች። የመጨረሻው ድንጋይ እስኪገባ ቆማ ታየን ነበር። ምንም አላደረገችንም፤ ታየን ነበር ብቻ።"

ትርንጎ አንጀቷን በላት። እሷም እንዲሁ ቆማ ነበር። በዋንዛ ግርጌ ጣራዋ ሲፈርስ ከወንዙ ዳር ቆማ፣ ምሰሶው ሲወድቅ፣ ባሏ የቸነከረው መስኮት ሲነቀል አንድ ቃል ሳትናገር አይታለች። ያን ጊዜ ከሚያፈርሱት አንዱ እንኳ ዞር ብሎ ቢያያት ምንኛ ደስ ባላት ነበር። እነሆ እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ቀን በሌላው በር ላይ በርጩማ ስባ ተቀምጣ፣ ባለቤቱ ሲመጣ "እንግዳዬ" እያለች ወሬ ስታወራለት ኖረች። አፈረች። እርግማኑንም ረሳችው።

በማግስቱ አዛዥ ደምሰው ከኮረብታው አደባባይ ዳስ ጥለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ቀርቦ "ጓንጉል" እያለ ማለ። ጓንጉል ከጎናቸው ቆሞ፣ ሦስት ሺህ ቃሬዛ የሚጠብቀው መሆኑን ገና ያላሰበ ይመስል ፂሙን ያሻሻል። የትርንጎ ተራ ደረሰ።

"እናቴ" አሉ አዛዥ ደምሰው በትሕትና፤ ትሑት ሰው ናቸው። "ደጅዎን ማን ከፈተ?"

"ጌታዬ፣ ተሳስቼ ነበር" አለች ትርንጎ።

ሰዉ እፎይ አለ። አዛዥ ደምሰውም ፈገግ ብለው "ተሳስቼ ነበር ብላለች" ብለው ጻፉ።

"ከርከሮው ደጅ ከፋቼ አይደለም።"

"አይደለም" ብለው ጻፉ።

"ቤቱ የእሱ ነው። ሳልጠራ መጥቼ ደጁ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የእሱ ደጅ ከፋች።"

ብዕሩ ቆመ። አዛዥ ደምሰው ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ማዶ ወዳለው ሰገነት አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እናቴ፣ ምድሩ ባለቤት ካለው ባዶ አይደለም። ባዶ ካልሆነ እናንተ እዚህ ልትመጡ አይገባም ነበር። እናንተ ልትመጡ ካልተገባ ደግሞ..." ቀሪውን ዋጡት። "ነፋስ ነው ይበሉና እንገላገል።"

"ነፋስ ዱባ አይበላም ጌታዬ።"

አዛዥ ደምሰው ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለበጡ። በመጨረሻም ጻፉ፤ ጽፈውም አነበቡ። "ይህ ቤት ደጅ ከፋች የለውም። ስለዚህ ባዶ ነው። በውስጡ ማንም የለም።" አያልነህ ትርንጎን ደግፎ ወሰዳት። በመንገድ ላይ "የት ይቀብሩኝ ይሆን?" አለችው።

ጓንጉል በማግስቱ ሊያስወጣት መጣ። ትእዛዙን አውጥቶ ቢያነበው ማንን እንደሚያስወጣ አልተጻፈም፤ ማንም የለም ነው የሚለው። በሩ ላይ ቆሞ ትርንጎን አያት፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና አያት፣ ራሱን አክኮ ተመለሰ።

እሱ እንደሄደ ትርንጎና አያልነህ የደጃፉን ድንጋይ አነሡና ጉድጓዱን መቆፈር ጀመሩ። አያልነህ የሞላውን ድንጋይ አንድ በአንድ በራሱ እጅ አወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከርከሮው መጣ፤ ዞረ፤ ወደ ኋላው ተራመደ፤ የዚያን ቀን ግን የከለከለው ድንጋይ አልነበረም። ግልገሎቹ ተከተሉት፣ እናትየዋም ተከተለች። ከወለሉ ሥር ሲተራመሱ ለትርንጎ በእግሯ ይሰማታል።

ገና ቆማ ስታዳምጥ ከመንገዱ "ትርንጎ!" የሚል ድምፅ ሰማች። ብርቅነሽ ናት። ከኮረብታው ጀርባ በእግሯ መጥታ ላብ በላብ ሆናለች።

"ምነው በርሽን ጥለሽ?" አለቻት ትርንጎ።

"ምን በር አለኝ! ጎራዴ የከፈተውን በር ማን ይጠብቃል?" አለች ብርቅነሽ። "አንቺ ባዶ ነሽ ሲሉ ሰማሁ። ባዶ ቤት መግባት ደግሞ አልተከለከለም፤ ደንቡን አስነብቤ ነው የመጣሁት።"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ብርቅነሽ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና "ጠባብ ነው" ብላ ተቀመጠች፤ ልክ እንደ ድሮዋ።

በሚቀጥለው ቀን ከብርቅነሽ ጋር ሁለት ሰው መጣ፤ ከዚያም አምስት። ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ ባዶው ቤት መሄድ ለመደ። ማንን ዕጣው የት እንደጣለው ይጠያየቃል፣ የተለያየ ይገናኛል፣ የታመመ ይነገርለታል። ውኃ ለትርንጎ እያንዳንዱ ከተራው እየቀነሰ አንድ አንድ ቅል ያመጣላታል። እግራቸውን ከፍ አድርገው ጉድጓዱን ይሻገራሉ፤ ውስጥ ያለውም ዝም ይላቸዋል።

አንድ ቀን ሲመሽ አዛዥ ደምሰው ጓንጉልን አስከትለው በዚያ አለፉ። ሳቅ ሰምተው ቆሙ። በበሩ ቢያዩ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሠላሳ ሰው በጉልበቱ ላይ ተደራርቦ ያወጋል። አዛዥ ደምሰው ለማዘዝ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ማንን ይዘዙ? "ማንም የለም" ብለው የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው። አፋቸውን እንደከፈቱ ቆመው ቀሩ፤ ፊታቸው ላይም ናፍቆት የመሰለ ነገር መጣ፤ እሳቸውም ድሮ ከሆነ ሰፈር የመጡ ሰው ሳይሆኑ አይቀርም።

ትርንጎ ብድግ አለችና የተቀቀለ ዱባ በጣባ ይዛ ወደ በሩ መጣች።

"ግቡ እንጂ ጌታዬ" አለቻቸው። "ማንም የለም።"